ፖስታዬን የሚከፍቱት ጎረቤት

የሰው የደም ምርመራ ውጤት ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያነብ ጎረቤት የሌለው ሰፈር በሮዛርዮ ከተማ የለም። ካለም ነዋሪዎቹ ገና ዕቃ እያራገፉ ይሆናል።

የእኛ መንገድ ባለሥልጣን ክብርት ዶኛ ዙልማ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት፣ ሙያቸው ልብስ ስፌት፣ የሕክምና ትምህርታቸው ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን በራፍ ላይ አውጥተው፣ የማቴ ሻያቸውን ይዘው ይሰየማሉ። ከላቦራቶሪ ፖስታ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳይፈተሽ አያልፍም። "ኮከቡን አሳየኝ" ይላሉ። ላቦራቶሪው ከልኩ የወጣ ቁጥር አጠገብ ኮከብ ያደርጋል፤ ኮከብ የሌለውን ቁጥር እሳቸው ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ጉበት ነው።" ራስ ምታት ጉበት ነው። የቆዳ ሽፍታ ጉበት ነው። ሥጋ ሻጩ ኢላሪዮ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ "የሁለታችሁም ጉበት ነው" ብለው ባልና ሚስቱን ቦልዶ አጠጧቸው። ቦልዶ እኛ ዘንድ ለጉበት ተብሎ የሚፈላ ቅጠል ነው። ቄሳችን እንኳ ለእግራቸው ሕመም አንድ ሳምንት ጠጥተውታል፤ ኋላ ላይ በሽታው የጫማ ጥበት ሆኖ ተገኘ።

እኔ ኦስቫልዶ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። መጠጥ አልቀምስም፤ አባቴ የሁላችንንም ድርሻ ጠጥቶልን ሞቷል። የዛሬ ሦስት ዓመት በዓመታዊው የጤና ምርመራ የጉበቴ ኢንዛይሞች ከልካቸው በላይ እጥፍ ሆነው ተገኙ። የድርጅቱ ሐኪም ቀና ብሎ አየኝና "በቀን ስንት ብርጭቆ ነው?" አለኝ።

"ውሃ ነው?" አልኩት።

ቀልዱ አልጣመውም። መሪ እንዳልነካ አገደኝና፣ በሦስት ወር ውስጥ ውጤቴ ካልተስተካከለ ሥራዬን እንደማጣ ነገረኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ባለቤቴ ሚርታ እንኳ ተጠራጠረች። አንድ ቀን የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከፍታ ስታሸት ደረስኩባት። "ለሰላጣ ነው" አለችኝ፤ በቤቱ ግን አንዲት ቅጠል ሰላጣ አልነበረም። ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላ ይህ በጣም ያማል።

ዶኛ ዙልማም መጀመሪያ ያዘዙልኝ ያንኑ ቦልዶአቸውን ነው። አንድ ወር ጠጣሁ፤ ኢንዛይሞቹ ጭራሽ ጨመሩ። ሁለተኛውን ፖስታ ከፍተው ሲያነቡ ግን ጣታቸውን እስከ ገጹ ታች አወረዱ። እስከ ታች ሲያነቡ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

"እዚህ ታች ሌላ ኮከብ አለ" አሉኝ። "ብረትህ አልቋል። የቀይ ደም ሴሎችህም ትናንሽ ሆነዋል።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ እኔ የጠጪ ፖስታ ስከፍት ነው ያረጀሁት። የጠጪ ሴል ያብጣል እንጂ አያንስም። አንተ አልጠጣህም፣ ልጄ።"

ሐኪሙም፣ አለቃዬም፣ ሚስቴም ይህችን ቃል አልተናገሩልኝም ነበር። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ማቴው አቃጠለኝ ብዬ አመካኘሁ።

"ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትበላው?"

"ያው፣ ሥራ ላይ ሳለሁ አውቶቡሱ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲቆም ብስኩት በማቴ። ማታ ፓስታ።"

"ሆድህስ?"

"ይነፋኛል። ሹፌር ሁሉ ይነፋዋል።"

"ምን በወጣው! የእህቴ ልጅ እንዲሁ ነበረች። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀቷን አቁስሎት ብረቷ አለቀ፣ ጉበቷም አብሮ ታወከ። ሴሊያክ ነው አሏት። ሂድና ትክክለኛ ሐኪም ጋ ተመርመር። ቦልዶውንም ተወው።" የመጨረሻዋን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያሏት።

ሚርታ ይህን ስትሰማ፣ በጸጸት ይሁን በፍቅር፣ የቤቱን ዱቄትና ፓስታ ሁሉ ለጎረቤት አደለች። በማግስቱ ዶኛ ዙልማ ዳቦ በብብታቸው ሸጉጠው ከተፍ አሉ።

"አንቺ፣ ደሙ ሳይቀዳ ስንዴ ካስተውሽው ምርመራው ምንም የለበትም ሊልሽ ይችላል። ባልሽ ጠጪ ተብሎ ይቅር?"

እስከ ምርመራው ዕለት ድረስ ጧት ጧት እየመጡ፣ ፊቴ ቆመው ዳቦ አስበሉኝ። እንደዚያ ጎርሼም ሰው አጉርሶኝም አያውቅ።

ደሙ ሴሊያክ ነው አለ፤ ከአንጀቴ የተወሰደው ናሙናም አረጋገጠ። አዲሷ ሐኪም የጉበቴ ነገር ከዚሁ የመጣ እንደሚመስላት ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈችልኝና ወደ መሪዬ ተመለስኩ። ስንዴ ትቼ በዓመቱ ብረቴ ሞላ፣ ጉበቴም ኮከቡን አወለቀ። ሚርታ ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ እኔም ኮምጣጤውን እያነሳሁባት እየኖርን ነው።

በየወሩ በሃያ ዘጠኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልማዳችን ኞኪ የተባለውን የድንችና የዱቄት ድቡልቡል ሲበላ፣ ዶኛ ዙልማ የእኔን በበቆሎ ዱቄት ለብቻ ይሠሩታል። ስንዴ እንዳይነካው ድስቴ የተለየ ነው፤ ስሜን በጥፍር ቀለም ጽፈውበታል። ሚርታ ልትዋሰው ሞክራ ተባርራለች። አንድ ነገር ብቻ ከፋ፦ አሁን የሰው ሕመም ሁሉ "ስንዴ ነው" ሆኗል። የቄሱ ጫማም ሳይቀር።

ታዲያ ላቦራቶሪው ውጤት በስልክ መላክ ጀመረና ፖስታ ቀረ። ዶኛ ዙልማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ባዶ እጁን የሚያልፈውን መንገደኛ ሲመለከቱ አንጀቴን በሉት። ስለዚህ ውጤቴን አሳትማለሁ፣ ፖስታ እገዛለሁ፣ አሽጌው ልክ ከላቦራቶሪ እንደመጣ ሰው እየተቻኮልኩ በደጃቸው አልፋለሁ።

"ኮከቡን አሳየኝ" አሉኝ ባለፈው ሳምንት። ቀደዱት፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንድም ኮከብ የለም። ከዚያ ፖስታውን አገላብጠው ክዳኑን አዩ።

"በምላስህ ነው ያሸግኸው?"

"እኔ? ላቦራቶሪው እኮ ነው..."

"ላቦራቶሪው ፖስታ ከተወ ስምንት ወሩ። ሙጫው ስንዴ ይኑርበት አይኑርበት በምን አወቅህ? በሚቀጥለው ጣትህን ውሃ አስነክተህ አሽገው።"

እሺ አልኳቸው፣ ማቴ ቀዱልኝ።