የወይዘሮ ሳፊያ ሕንፃ ከእሳት የዳነበት ሁኔታ

የሕንፃ ኬብሎች የእሳት ደኅንነት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ከመቋቋሙ በፊት አዳማ ውስጥ እሳት የሚነሳው እንዲያው በዘፈቀደ ነበር። አንዱ ሱቅ ከመሬት ተነስቶ ይቃጠላል፤ ጎረቤቱም ያንን አይቶ ይከተላል። አንቀጽ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፣ የሚመለከተው አካል የለ። ዛሬ ግን ምስጋና ለመመሪያው ይግባውና ማንኛውም ሕንፃ በኤሌክትሪክ ምክንያት ከመቃጠሉ በፊት መታየት፣ መመርመርና መመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ታላቅ እርምጃ ያፈራውን ፍሬ ለመረዳት የወይዘሮ ሳፊያን ሕንፃ ታሪክ መስማት ይበቃል።

ወይዘሮ ሳፊያ ከወሎ ተድረው አዳማ ከገቡ ወዲህ በርበሬና ቅመም ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። እሳትን የሚያውቁት ከመመሪያ ሳይሆን ከቅርብ ነው። ልጃቸው ሲሃም ገና ጡት ሳትጥል፣ በገበያው ሱቃቸው ጣሪያ ውስጥ የተጎተተ አንድ ቀጭን ሽቦ ግሎ ቀለጠና ሱቁን ከነበርበሬው አነደደው። ያን ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ በበርበሬው ጭስ እያነጠሰና እያነባ ውሃ ሲያቀብል፣ እሳቸው ግን ለማልቀስ ጭስ አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ወዲህ ቀጭን ሽቦ ባዩ ቁጥር መንገድ ይለውጣሉ። ስለዚህም ዕድሜ ልካቸውን ለፍተው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሲያሠሩ በሌላው ሁሉ ሲቆጥቡ በኬብል አልቆጠቡም። ወፍራሙን፣ ቢነካው እንኳ እሳት አያዛምትም የተባለውን ገዙ። ጆቴ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲዘረጋውም አጠገቡ ወንበር አስቀምጠው ይጠብቁት ነበር።

«እትዬ ሳፊያ፣ እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም» ይላቸዋል ጆቴ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። የምጠብቀው አንተን አይደለም፣ ሽቦውን ነው።»

ሕንፃው እንዳለቀ ተከራይ ሳይፈለግ መጣ። ዶክተር ኢሊያስ የሚባሉ ሐኪም የማዋለጃ ክሊኒክ ሊከፍቱበት ፈለጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የኬብሉን የእሳት ደኅንነት ሰርተፍኬት። ወይዘሮ ሳፊያ ደስ አላቸው። ሕፃናት የሚወለዱበት ቤት ባለቤት ሊሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ ያ ሁሉ የተጠነቀቁለት ኬብል በአዋቂ ዓይን ሊታይላቸው ነው። ከጥቅልሉ ቁራጭ በፌስታል ይዘው በባጃጅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መርዳሳ ሥራቸውን የሚወዱ፣ መመሪያውን በቃላቸው የሚያንበለብሉ፣ ባለጉዳይ የማያመናጭቁ ሰው ነበሩ። ይህን የምንለው ለሽንገላ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ በኋላ የደረሰው ሁሉ የደረሰው በቅንነታቸው ነው።

«አካም ጅርቱ ወይዘሮ ሳፊያ፣ ይቀመጡ» ብለው ራሳቸው ወንበር ሳቡላቸው። «በአንቀጽ ሰባት መሠረት ማንኛውም ኬብል በእሳት ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ለዚህም ናሙና ያስፈልገናል።»

«ይኸው፣ ከጥቅልሉ ቆርጬ ይዤ መጥቻለሁ።»

አቶ መርዳሳ ፌስታሉን ገለጥ አድርገው አዩና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ አይሆንም። ጥቅልል ላይ ያለ ኬብል ሕንፃ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ የቤቱን ጠባይ በምን ያውቀዋል? ናሙናው ከግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ መምጣት አለበት።»

ጆቴ ቅር እያለው ቆርጦ ሰጠ። ናሙናው ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ግን አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ ተነሳ። አንቀጽ ሰባት ኬብል ሁሉ በእሳት እንዲፈተን ያዛል፤ አንቀጽ ስምንት ደግሞ በከተማው ክልል ውስጥ ለማንኛውም ዓላማ እሳት ማንደድን በጥብቅ ይከለክላል። ሁለቱንም ያረቀቀው አንድ ሰው፣ ያውም በአንድ ቀን መሆኑ ለጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቅልጥፍና ማስረጃ ነው። የጽሕፈት ቤቱ የምርመራ ኮሚቴ ብዙ ተወያየ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ሚልካ እጇን አወጣች።

«እሳትን እሳት ያሰኘው ሙቀቱ ነው» አለች። «ሙቀት ደግሞ ሶደሬ አለ።»

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ጸደቀ። ኮሚቴው ፎጣውን ይዞ ሶደሬ ወረደ፤ ኬብሉም ፍል ውሃ ውስጥ ገባ። ብቻውን እንዳይሆን ኮሚቴውም አብሮት ገባ። ሲመለሱ ያቀረቡት ሪፖርት ዛሬም ለሌሎች ከተሞች ተሞክሮ ሆኖ ያገለግላል፦ «ኬብሉ በቆይታው ወቅት ምንም ዓይነት የመቃጠል ምልክት አላሳየም። የኮሚቴው አባላትም አልተቃጠሉም። ሆኖም ናሙናው ከውሃው ሲወጣ እርጥብ ሆኖ ስለተገኘ፣ እርጥብ ነገር ደግሞ በተፈጥሮው ስለማይቃጠል፣ ውጤቱ አስተማማኝ ነው ለማለት አልተቻለም። ስለዚህ ከየፎቁና ከየክፍሉ ተጨማሪ ናሙና እንዲቀርብ እንጠይቃለን።»

ወይዘሮ ሳፊያ ይህን ሲሰሙ ወደ አቶ መርዳሳ ቢሮ ከነፉ።

«አቶ መርዳሳ፣ ኬብሉ እኮ አንድ ነው! ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ነው የገዛሁት።»

«እህት አለዎት?»

«አለችኝ፣ ኮምቦልቻ።»

«እህትዎ ኮምቦልቻ ላይ ጥፋት ብትሠራ እርስዎ አዳማ ላይ ይታሰራሉ?»

«በምን ዕዳዬ!»

«አዩ? የአንደኛ ፎቅ ኬብልም ለሁለተኛ ፎቅ ኬብል ሊመሰክርለት የማይችለው ለዚሁ ነው።»

ወይዘሮ ሳፊያ ጆቴን ሊጠሩ ወጡ። እውነቱን ለመናገር እኛም እስካሁን መልስ አላገኘንለትም።

ጆቴ መቁረጫውን ይዞ ከክፍል ክፍል ዞረ። ከሳሎኑ ቆረጠ፣ ከመተላለፊያው ቆረጠ፣ ማዋለጃ ይሆናል ከተባለው ክፍል ቆረጠ። ኮሚቴውም ናሙና በደረሰው ቁጥር ሳይታክት ወደ ሶደሬ ተመላለሰ። የአንድ አባል የቆየ የጉልበት ሕመም በዚሁ ሰበብ ስለተሻለው በበጀት ዓመቱ ከተመዘገቡ ስኬቶች መካከል ተካቷል። ጽሕፈት ቤቱ ናሙና በቃኝ ባለ ጊዜ አቶ መርዳሳ ራሳቸው ሕንፃውን ሊጎበኙ መጡ። ግድግዳው ውስጥ በእጅ ባትሪ አጮለቁና ደነገጡ።

«ወይዘሮ ሳፊያ! ይህ ኬብል እኮ ተቆራርጧል!»

«እንዴ! ማን ሆነና የቆረጠው?» አሉ ወይዘሮ ሳፊያ።

«መመሪያው ማን ቆረጠው ብሎ አይጠይቅም» አሉ አቶ መርዳሳ በርኅራኄ። «የተቆራረጠ ኬብል ግን ዋነኛ የእሳት መንስኤ ነው። በአስቸኳይ ተመዞ መውጣት አለበት።»

ጆቴ የቀረውን ሲመዝ ወይዘሮ ሳፊያ እንደ ልማዳቸው ወንበር አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ግን ሽቦውን አልጠበቁትም፤ አለቀሱለት። ሰው በክፉ ኬብል ቤቱ ሲቃጠልበት ማልቀሱ የተለመደ ነው፤ በደግ ኬብል ሲያለቅስ ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

የመጨረሻው ምርመራ ታዲያ አስደሳች ነበር። መርማሪዎቹ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አሰሱት፤ አንድም ቀጭን፣ አንድም የተላጠ፣ አንድም ጥራቱን ያልጠበቀ ኬብል አላገኙም። ወፍራምም አላገኙም። ጽሕፈት ቤቱ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ እንከን የማይወጣለት ሕንፃ አይተው ስለማያውቁ የአንደኛ ደረጃ ሰርተፍኬት እንዲሰጠው ወሰኑ። ሰርተፍኬቱ በሥነ ሥርዓት ተሰጠ። ድንኳን ተጣለ፣ የክብር እንግዶች ተጠሩ። የድምፅ ማጉያው የሚሰካበት ቦታ ስላልነበረ አቶ መርዳሳ ንግግሩን ያደረጉት በጩኸት ነው፤ ግማሹን የአዳማ ነፋስ ወሰደው።

«ክቡራንና ክቡራት! በዚህ ሕንፃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኬብል ምክንያት እሳት ሊነሳ የሚችልበት ዕድል ዛሬ ዜሮ ነው! ያደጉት አገሮች እንኳ ገና ናቸው!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይዘሮ ሳፊያም በመስተዋት የተለበጠውን ሰርተፍኬት ተቀበሉ። ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ወደ ሕንፃው ኬብል የገባ ዕለት ይህ ሰርተፍኬት ይሰረዛል።» ዶክተር ኢሊያስ ጠጋ ብለው አነበቡት።

«በጣም ግሩም ሰርተፍኬት ነው» አሉ። «ግን ወይዘሮ ሳፊያ፣ እናት ስታምጥ በምን ላያት?»

ዶክተሩ ሌላ ሰፈር ተከራዩ። ወይዘሮ ሳፊያ ባዶውን ሕንፃ ቆልፈው ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ፤ ሰው ስለ ሕንፃው ሲጠይቃቸውም ጨዋታ ይለውጡ ነበር።

ወራት አልፈው ከበላይ አካል ሰርኩላር ወረደ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሰርተፍኬት ወዳለው ሕንፃ እንዲገቡ፣ አርአያ እንዲሆንም የእሳት ደኅንነት ጽሕፈት ቤቱ ቀድሞ እንዲገባ ታዘዘ። አቶ መርዳሳ መዝገባቸውን ቢያገላብጡ በከተማው ሰርተፍኬት ያለው ሕንፃ አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ጽሕፈት ቤቱ ዕቃውን ጭኖ ወይዘሮ ሳፊያ ሕንፃ ገባ። በገባ በማግሥቱ አቶ መርዳሳ ወይዘሮ ሳፊያ የበርበሬ ሱቃቸውን ወዳዛወሩበት ምድር ቤት ወረዱ።

«ወይዘሮ ሳፊያ፣ መብራት የለም እኮ።»

«የለም። ሰርተፍኬት ነው ያለው።»

«ትንሽ ኬብል፣ ለቢሮዎቹ ብቻ የምትሆን…»

«ኬብል ከገባ ሰርተፍኬቱ ይሰረዛል። ከተሰረዘ እናንተ ትወጣላችሁ። እናንተ ከወጣችሁ መብራቱ ለማን ይሆናል?»

አቶ መርዳሳ በአድናቆት አዩዋቸው። እንዲህ መመሪያ የገባው ባለጉዳይ አጋጥሟቸው አያውቅም። ቢሮአቸው ተመልሰው ኬብል ለማስገባት ልዩ ፈቃድ እንዲሰጣቸው ለራሳቸው ማመልከቻ ጻፉ። ማመልከቻውን ተቀብለው መረመሩት፣ አመልካቹን አስጠርተው አወያዩት፣ በመጨረሻም ሐዘን እየተሰማቸው ውድቅ አደረጉት። ወዳጅ ዘመድ ሳይሉ ሕግ ማስከበር ማለት ይህ ነው። ኮምፒውተሮቹም ጨርቅ ለብሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ቢሮዎቹም ይጨልማሉ። አንድ ዝናባማ ቀን ወይዘሮ ሳፊያ ጣሪያው እንዳያፈስ ሊያዩ ሦስተኛ ፎቅ ወጡና በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። በየጠረጴዛው ላይ ሻማ በርቷል። በሻማዎቹ ዙሪያ እስከ መስኮቱ ድረስ የተከመረ ፋይል አለ። ነፋሱ መጋረጃውን እያነሳ ወደ ነበልባሉ ይወረውረዋል፤ ሚልካ አገጯን ፋይል ላይ ደግፋ ታንቀላፋለች። የተቃጠለ በርበሬ ሽታ፣ ያ የድሮው፣ አፍንጫቸው ውስጥ ገባ።

«ያ ረቢ! አቶ መርዳሳ፣ ወረቀት መሃል ሻማ?»

«ይረጋጉ ወይዘሮ ሳፊያ» አሉ አቶ መርዳሳ ብዕራቸውን አስቀምጠው። «እኔም መጀመሪያ ሰግቼ ነበር። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሳነበው ግን ተረጋጋሁ። አንቀጽ ስምንት የሚከለክለው ማንደድን እንጂ ማብራትን አይደለም። ሻማ ኬብል የለውም።»

 ወይዘሮ ሳፊያ ደረጃውን ወረዱና ለጆቴ ደወሉ። ቅዳሜና እሁድ፣ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ጆቴ ያንኑ ዓይነት ወፍራም ኬብል በግድግዳው ቱቦዎች ውስጥ ሲስብ ዋለ። ወይዘሮ ሳፊያ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«እትዬ፣ ቢደርሱብንስ?»

«ይድረሱብን። ቤቴ ሲነድ ከማይ ብታሰር ይሻለኛል።»

«ሶኬትም ልሥራላቸው?»

«መብራት ብቻ። ሻማቸው ይጥፋልኝ እንጂ ኮምፒውተራቸው እንዲሠራ ማን አለህ? ሌላ መመሪያ ሊጽፉበት?»

ሰኞ ጠዋት አቶ መርዳሳ ሲገቡ ሠራተኞቹ በሙሉ ቆመው ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣሉ። አምፖሉ ቦግ ብሏል።  ወይዘሮ ሳፊያ ተጠሩ።

«ወይዘሮ ሳፊያ» አሉ አቶ መርዳሳ በመንግሥት ድምፅ፣ «ይህ ብርሃን ከየት መጣ?»

ወይዘሮ ሳፊያ እሁድን ሙሉ ያዘጋጁት መልስ ነበራቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዱም አልመጣላቸውም። እጃቸው ላይ ያለውን መቁጠሪያ ሙሰቢሃ አጥብቀው ያዙ።

«ብርሃን… ብርሃን ሁሉ ከአላህ ነው» አሉ።

 አቶ መርዳሳ ዓይናቸውን ጨፍነው መመሪያውን ከአንቀጽ አንድ ጀምረው በልባቸው አነበነቡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ፈካ።

«ሚልካ፣ ቃለ ጉባኤ ያዢ» አሉ። «መመሪያው የሚመለከተው ከኬብል የሚገኝ ብርሃንን ብቻ ነው። በቀጥታ ከፈጣሪ የሚመጣ ብርሃን ከጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ውጭ ሆኖ ተገኝቷል። ሰርተፍኬቱ እንደጸና ይቆያል።»

ሠራተኞቹ አጨብጭበው ሻማዎቻቸውን እፍ አሉ። ወይዘሮ ሳፊያ የመጨረሻዋ ሻማ እስክትጠፋ ቆመው አዩና፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሱ።

ዓርብ ከሰዓት አቶ መርዳሳ ብቻቸውን ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ግራና ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወይዘሮ ሳፊያ፣ የእርስዎ ዱዓ መቼም ይሰማል።»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ነበር አቶ መርዳሳ?»

«ከወንበሬ ጀርባ፣ ከመስኮቱ በታች፣ አንድ ሶኬት ቢለምኑልኝ ብዬ ነው። ነገ ቢሆን ደግሞ ይመቸናል፤ ቅዳሜ ዝግ ነን።»