ከመጣን አይቀር

እግዜር በየሰፈሩ አንድ «ከመጣን አይቀር» የሚል ሰው ሳያስቀምጥ አላለፈም። ይህ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ የሟቹን ጎረቤቶች አስታርቆ ይመለሳል፤ ሚስማር ሊገዛ ወጥቶ በበሬ ዋጋ ሲከራከር ይውላል። አብራችሁት ከወጣችሁ የመመለሻችሁን ሰዓት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በእናንተም ሰፈር አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው፣ የአሰላው፣ ክቡር ኦቦ ሁሴኖ ይባላሉ። ከጭላሎ ግርጌ ገብስ የሚያሳርሱ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ጥርሱን ሊያስነቅል ናዝሬት ሲወርድ አጅበውት ሄዱና እሳቸውም አንድ ጥርስ አስነቅለው መጡ።

«አሞዎት ነበር እንዴ?» ብላቸው፣ «ኧረ ደህና ነበር» አሉኝ። «ግን ከመጣን አይቀር ብዬ ነው። አንድ ቀን ማመሙ ላይቀር፣ ለሱ ብዬ እንደገና የመኪና ልከፍል ነው?»

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ የባለቤታቸው የአዴ ሀጂራ አስም ጠናባቸው። የአሰላ ብርድ ደረታቸውን እየዘጋ፣ ከቤት እስከ በረት ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ቆመው ትንፋሽ መሰብሰብ ግድ ሆነባቸው። ሐኪሙ ብርዱ እስኪያልፍ ቆላ፣ ከተቻለም ባሕር አካባቢ ይክረሙ አለ። የአዴ ሀጂራ የአክስት ልጅ ዙቤዳ ጅቡቲ፣ ለባሕሩ ቅርብ የሆነ ቤት ውስጥ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባልና ሚስት በባቡር ሄዱ። ያኔ ጅቡቲን የሚገዙት ፈረንሳዮች የሰጧቸው የመቆያ ፈቃድ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ፣ ፈረንሳይኛ ያውቃል ተብዬ እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ልመልሳቸው ወረድኩ። ፈረንሳይኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ይህን የማያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ልጃቸው ቱሳ ለዙቤዳ ብሎ አንድ ቅል የአርሲ ቅቤ አስይዞኝ ነበር። ደጋ ለምዶ የኖረ ሰው ቅቤ ይቀልጣል ብሎ አያስብም። ባቡሩ ድሬዳዋን ሳያልፍ ቀልጦ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ጅቡቲ ስደርስ ኦቦ ሁሴኖ የተረፈውን አይተው አላዘኑም። «ከቀለጠ አይቀር» ብለው ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን አሹበት።

በዚያው ዕለት ወደ ባሕሩ ወሰዱኝ። እጃቸውን ጎድጎድ አድርገው አንድ እፍኝ ውሃ ቀዱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ምላሳቸው ላይ አቆይተው ቀመሱ። አርሲ ሆራ የሚቀምሰው እንደዚያ ነው፤ ላም ያን ጨዋማ የምንጭ ውሃ በወቅቱ ካላገኘች ወተቷ አይበረክትም። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና ፊታቸው ጠቆረ።

«ኢላሊ፣ እየው እስቲ ፍሰሐ» አሉኝ። «ይኼ ሁሉ ሆራ ተኝቶ፣ የሚጠጣው አንድ ጥጃ እንኳ የለም። ፈረንጅ ንብረት አያያዝ አያውቅም።»

በማግሥቱ ለላሞቻቸው ሊቀዱ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ የዙቤዳ ባል ደረሰባቸው። የባሕር ውሃ ሆራ አይደለም፣ ላሚቱን ይገድላታል ብሎ ለመናቸው። «ዓሣው ዕድሜ ልኩን ሲጠጣው አልሞተም» ብለው ተከራከሩት። በኋላ ሲረቱ ጀሪካኑን ባዶውን ይዘው ተመለሱ፤ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

የቀረችንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍናት እኔና እግሬ እናውቃለን። ሰው ከባሕር ዳር ሊሰናበት ሲል ቁጭ ብሎ ነፋስ ይቀበላል። እኛ ግን ከመጣን አይቀር ገበያውን ዞርነው። ከመጣን አይቀር ወደብ ሄደን መርከብ ሲራገፍ አየን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣን ከእባብ ለይተው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ከመጣን አይቀር ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ዓሣ በሉ፤ አጥንቱ ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ አንድ ሰፈር ጀርባቸውን ሲደበድብ ዋለ። አዴ ሀጂራ ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ።

እኔን ያበሸቀኝ ድካሙ አልነበረም፤ ጥያቄያቸው ነው። ወተት ሻጯን አስቁመው ስሟን፣ በየቀኑ የምትመጣ መሆኗን፣ ውሃ የምትጨምር መሆኗን ሳይቀር ጠየቋት። መስጊድ ሄደው ሴቶች በየት በኩል እንደሚገቡ አጣሩ። ከዙቤዳ ቤት ሁለት አጥር ራቅ ብላ የምትኖር ኢፍቱ የምትባል የጨርጨር ሴት ኦሮምኛ ተናጋሪ መሆኗን ሲሰሙ፣ ሄደው በእጇ ይዘው አመጧትና ከአዴ ሀጂራ አጠገብ አስቀመጧት። ነገ ከነገ ወዲያ ለሚሳፈር ሰው የወተት ደንበኛ ምን ያደርግለታል ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ሰውዬው ያገኙትን ሁሉ ካልነኩ የማያልፉ ስስታም መንገደኛ መሰሉኝ።

ልንሳፈር ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። አዴ ሀጂራ ብቻቸውን በአሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሄዳሉ። ኦቦ ሁሴኖ ዓይናቸውን ከሳቸው አልነቀሉም።

«አየሃት?» አሉኝ። «አትቆምም። እዚህ ከመጣን ወዲህ ለትንፋሽ ብላ አትቆምም።»

«አልሐምዱሊላህ ነው» አልኩ።

«የዙቤዳ ባል የእሷን ፈቃድ አስረዝማለሁ ብሏል። የዘመድ ነው ይፈቅዱላታል። የእኔ አይሆንም። ቢሆንስ ከብቱን ማን ያየዋል? ማሳው የአባቴ ነው።»

«ነግረዋቸዋል?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ ቦታውን ትውደደው ብዬ ነው። ወተት ሻጯን ትልመዳት፣ የምታወራት ሰው ታግኝ።»

ለካ ሽማግሌው ያን ሁሉ ቀን ለራሳቸው አልነበረም የሚዞሩት። ያለ እሳቸው ለምትኖር ሚስታቸው አገር እያላመዱላት ነበር። ጫማዬ ውስጥ የገባውን አሸዋ አራገፍኩ።

በመጨረሻው ቀን ዙቤዳ ምሳ አቀረበች። ኦቦ ሁሴኖ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የወተት ሻጯን ደግነት ማውራት ጀመሩ። አዴ ሀጂራ የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት።

«የቱሳ አባት፣ አትድከም» አሉ። «የመጣልህን ሐሳብ ወተት ሻጯን ስሟን ስትጠይቃት ነው ያወቅሁት። አሰላ ስንት ዘመን ስትኖር የጎረቤትህን ሚስት ስም አታውቅም።»

ኦቦ ሁሴኖ የሳህኑን ዳር በጣታቸው መጥረግ ጀመሩ። አዴ ሀጂራ ቀጠሉ።

«ከተማውን ሁሉ አሳየኸኝ፤ ጥሩ ከተማ ነው። አንተ የምትቀመጥበትን ቦታ ግን አላሳየኸኝም።»

«ደረትሽስ?»

«ሙቀት ያለው ባሕር ዳር ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? ወንድሜ ሀሰኖ እዚያው አርሲ፣ ወደ ሞቃቱ አርቦዬ ኑ፣ መሬት አለ ሲለን ስንት ዓመቱ ነው? ላሞቹን ነድተህ ትወርዳለህ። ማሳውን ቱሳ ይረሰው።»

«ማሳው የአባቴ ነው እኮ፣ ሀጂራ።»

«ማሳው አያስልም። የማስለው እኔ ነኝ።»

ኦቦ ሁሴኖ እጃቸውን ታጥበው ወጡ። አጥሩ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውን ብዙ ቆዩ። የአባትን መሬት ጥሎ መውረድ ለእሳቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚያው ተወልደው እዚያው ለመቀበር ያሰቡበት ነው። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። «እሺ፣ ሻይ አምጡ» አሉ።

ክረምቱ ሳይገባ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ አርቦዬ ወረዱ። አዴ ሀጂራ እዚያም አልፎ አልፎ ያስላሉ፤ ግን ከቤት እስከ በረት ሳይቆሙ ይሄዳሉ። እኔም በመጨረሻ ዕረፍት አገኘሁ ብዬ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት እገባለሁ፣ ቅዳሜዬ የራሴ ነው፣ የሚጎትተኝ የለም። እንደዚህ ያለ ዕረፍት ሰውን እንዴት እንደሚያከሳው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ወደ አርቦዬ አዛውሩኝ አልኩ። አለቃዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በደህናህ ነው?» አሉኝ። «ሰው ከአርቦዬ ወደ አሰላ ነው የሚለምነው።»

እውነቱን ልነግራቸው አፈርኩ።

«ለጤናዬ ነው» አልኳቸው።