ተፈጥሮን ለሕፃናት ምቹ የሚያደርግ ዐቢይ ኮሚቴ

የሰው ልጅ ጨረቃን ረግጧል፤ ተራራ ቦርቡሮ ባቡር አሳልፏል። ይሁንና በአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ከተፈጸመው ገድል ጋር ሲተያይ ይህ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው። ውሸት ካለበት ጥፋቱ የቃለ ጉባኤው ነው።

ነገሩን የጀመረችው አትክልተኛዋ ናት። የልጇን የክፍል ጓደኞች ቅዳሜ ሰብስባ ስለ ጓሮው እንስሳት በነጻ ላስተምር ብላ ማመልከቻ አስገባች። ጓሮው ምን የለው! ኩሬው በእንቁራሪት ተሞልቷል፣ አጥሩ ላይ ንብ ሰፍሯል፣ ቁጥቋጦው ሥር ደግሞ «እሜቴ» የምትባል ኤሊ ትኖራለች። አትክልተኛዋ የውሃ ማጠጫውን ቆርቆሮ ሦስቴ ስታንኳኳ እሜቴ ከተፍ ትላለች። ከተፍ ለማለት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል እንጂ መምጣቷስ ትመጣለች። ልጅቷ ይህን ለጓደኞቿ አውርታ «ቀጣፊ» የሚል ስም ስለወጣላት፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀምራለች። እናትም «ቅዳሜ በዓይናቸው ያዩዋታል» ብላ ቃል ገባች።

ኃላፊው ማመልከቻውን አንብበው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እትዬ፣ ተፈጥሮ እንዲሁ ዝም ተብሎ ለሕፃናት አይቀርብም። መጀመሪያ መዘጋጀት አለበት።»

«ተዘጋጅቶ ነው እኮ የተፈጠረው፣ ጌታዬ።»

«በኮሚቴ ነው?»

አትክልተኛዋ በኮሚቴ ስለመሆኑ ማስረጃ ስላልነበራት ማመልከቻዋን ትታ ወጣች።

ዘጠኝ አባላት ያሉት ዐቢይ ኮሚቴ በዕለቱ ተቋቋመ። ቁርጭምጭሚት የማያልፈው ኩሬ «ጥልቀቱ አሳሳቢ ነው» ተብሎ ደረቀ። ቁጥቋጦው እሾህ በመያዙ ተመነጠረ። ንቦቹ ያለ ፈቃድ ሰፍረው በመገኘታቸው በጭስ ተሸኙ። ሣሩም ሥርዓት ስላልነበረው ከነሥሩ ተነቀለና በቦታው አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተደረደሩ። ኃላፊው ሳምንቱን ሙሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ቢሯቸው አልተከፈተም። በሩ ላይ ግን እንደ ወትሮው «ሥራ ላይ ነን፣ አትረብሹን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር።

ቅዳሜ አርባ ሕፃናት ተሰልፈው ገቡ። አትክልተኛዋ ቆርቆሮዋን አንኳኳች። ምንም የለም። ደግማ አንኳኳች። ልጇ አንገቷን ደፋች።

«የታለች ታዲያ?» አለ አንዱ ጥርሰ ፍንጭት።

የኮሚቴው ጸሐፊ በፍጥነት ምልክት ሰጠ። የእንቁራሪትን ተግባር እንዲያከናውን በደብዳቤ የተመደበው ሾፌር ከግድግዳው ጀርባ «ቋ፣ ቋ» አለ።

«እንቁራሪቱን ጉንፋን ይዞታል» አለች አንዲት ሕፃን።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ውድ ሕፃናት፣ በዚህ ግቢ አንዲት ዝንብ እንኳ አለመኖሯ የተፈጥሮ ፍቅራችን ፍሬ ነው...»

«ቋ፣ ቋ፣ ቋ!»

«በቃህ፣ አሁን እኮ እየተናገርኩ ነው።»

ሾፌሩ ከግድግዳው ጀርባ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እኔ አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

ድምፁ የመጣው ከኃላፊው ቢሮ ነበር። አትክልተኛዋ በጓሮ በኩል ያለውን፣ ከሥሩ አንድ ሳንቃ የጎደለውን በር ገፋ አደረገችው። ይጠገን ተብሎ ስድስት ጊዜ የተጻፈለት ጣሪያ ዝናቡን አፍስሶ ምንጣፉ ላይ ደህና ኩሬ ሠርቷል፤ እንቁራሪቶቹ ዙሪያውን ተኮልኩለዋል። ከተሰቀለ ጀምሮ ማንም ከፍቶት የማያውቀው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ማር ያንጠባጥባል። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እሜቴ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ ከገጽ አርባ ጀምራ እየቆረጠመች ነው።

አትክልተኛዋ ሦስቴ አንኳኳች። እሜቴ ገጽ አርባ አንድን በአፏ እንደያዘች ዘገም ዘገም እያለች መጣች። ለምሳ ደረሰች። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እና ቀጣፊው ማነው?» አለች ልጅቷ ወገቧን ይዛ።

ጥርሰ ፍንጭቱ በጣቱ ወደ ኃላፊው ጠቆመ። «ይሄ ቤት የሳቸው ነው?»

«የእንስሳቱ ነው» አለች ልጅቷ። «እሳቸው አልፎ አልፎ ለጉብኝት ይመጣሉ።»

ሰኞ ዐቢይ ኮሚቴው የበሩን ጽሑፍ ለማንሳት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ሆኖም «ሥራ ላይ ነን» የሚለው ቃል ከተለጠፈ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በንቦቹ ትጋት፣ እውነት ሆኖ ስለተገኘ፣ ባለበት እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።