ገላጋዩ ጋሼ አብዱልወሀብ

የነገር መጨረሻ አፉ ውስጥ የማያድርለት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለደሴዋ የሰኞ ገበያ ሰፈር የተመደቡላት ክቡር ጋሼ አብዱልወሀብ ናቸው፤ አሮጌ መጽሐፍ ቸርቻሪ፣ የፍጻሜዎች ሁሉ ባለሥልጣን።

ደንበኛቸው ሙና ስንቴ ተቃጥላለች! ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውላ አድራ፣ በእረፍት ቀኗ ደሴ የምትወጣው ለመጽሐፍ ብላ ነው። ገና አንዱን ከማንሳቷ «ጥሩ መርጠሻል፤ ገዳዩ ወንድምየው ነው» ይሏታል። ሌላ ስታነሳ፣ «እሷ እንደሁ አታገባውም፤ በከንቱ አትድከሚ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በአላህ!»

«ምነው፣ ገላገልኩሽ እኮ!»

የጎረቤት ሠርግ ላይ እንኳ «ቆይ፣ ስትወጣ ታለቅሳለች» ብለው ሙሽራዋን አሳቀው፣ ለቅሶዋን አበላሽተውባታል።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ሙና ገና ከጆንያ የተዘረገፈ ክምር ስታገላብጥ ክው አለች። «የጉም በቅሎ»! ልጅ ሳለች ኩታበር ትምህርት ቤት ያነበበችው የልጆች ታሪክ ነው። ዘሀራ የምትባል ልጅ ከጦሳ ተራራ ጉም የተሠራች በቅሎ ተቀምጣ ከደመና በላይ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ፀሐይ ይወጣና በቅሎዋ ከሥሯ መሟሟት ትጀምራለች። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ እዚያ ላይ ተገንጥሏል። ዘሀራ ወደቀች? እናቷ ጋ ደረሰች? ሙና ይህን ጥያቄ እንደያዘች አድጋ፣ አግብታ ወልዳለች። የጠየቀችው ሁሉ «እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም» ሲላት፣ በሕልሜ ይሆን እንዴ ማለት ጀምራ ነበር። ጋሼን ግን፣ መጨረሻውን እንዳይዘረግፉባት ፈርታ፣ ጠይቃቸው አታውቅም።

ይኸው አለ! ከነመጨረሻው!

ወዲያው የት እንደቆመች ትዝ አላትና ጆሮዋን ያዘች። «ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይህን እንኳ ይተዉልኝ!»

ቀና ስትል የጋሼ ፊት ዐመድ መስሏል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእርስዎው ክምር!»

«ያ አላህ! ጆንያውን ሳላየው ነው የገዛሁት።» ተቀመጡ። «የኩታበር ተማሪ ሳለሁ ነው ያነበብኩት፤ መጨረሻው ተገንጥሎ። በቅሎዋ ስትሟሟ እንደቀረሁ ቀረሁ። ሰው እንደኔ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ብዬ እኮ ነው የምለፈልፈው።»

ሙና ይህን ሁሉ ዘመን የረገመችው ምላስ ለካ አዝኖላት ኖሯል! እጇ ግን አላስቻላትም፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች እዚያው ቆማ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ እንባዋ ወረደ።

«ጋሼ፣ ልገላግልዎት?»

«ወላሂ ብትተነፍሺ!» ጋሼ አብዱልወሀብ ሁለት ጆሯቸውን ደፍነው ዓይናቸውንም ጨፈኑ። «ራሴ ላንብበው፣ የኔ ልጅ!»

ሙና ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችውን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ነገሩ ግን ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቁጭ ብሏል፤ አንድ ደቂቃ ብትቆይ ያመልጣታል። አፏን በሻርፗ ግጥም አድርጋ ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ታክሲ ሮጠች።