አንድ እጅ፣ ሁለት ማጉያ

[ፑካልፓ፣ ወንዝ ወደቡ አጠገብ፣ የዶኛ ዙልሚራ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ። የካርኒቫል ሰሞን ነው፤ ረፋድ ላይ። ስድስት ሰዓት ሲል ጀልባው ወደ ፑኤርቶ ካላንድሪያ ይነሳል። እዚያ መንደር ኡሚሻው ተተክሏል፤ ባልዲው፣ ቀሚሱ፣ ድስቱ ሁሉ የተንጠለጠለበት ዘንባባ ነው፤ ሕዝቡ ዙሪያውን እየጨፈረ በቆንጨራ እየቆረጠ ይጥለዋል። የባንዱ መሪ ማስትሮ ኤርሞኼኔስ ሠላሳ ዓመት ጊታር መትቷል፤ ሌላው ሰው ሁሉ እንደማይችል የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ኔሜሲዮ የማስትሮው ማጉያ ተሸካሚ ነው። መሬት ላይ አንድ ትልቅ ባለ አምፖል የጊታር ማጉያ ቁጭ ብሏል። ትንሹን፣ ባለ ትራንዚስተሩን፣ ኔሜሲዮ በአንድ እጁ አንጠልጥሎታል።]

ማስትሮ፦ አስቀምጠው። ማጉያ እንዲህ ነው እንዴ የሚመረጠው?

ኔሜሲዮ፦ ብድግ አድርጌ እያየሁት ነው።

ማስትሮ፦ ማጉያ ይሰማል እንጂ ብድግ አይደረግም።

ኔሜሲዮ፦ ዶሮም ሲገዛ ብድግ ተደርጎ ነው።

ማስትሮ፦ ዶሮ ከሆነማ የምትመረጠው የከበደችው ናት። በል፣ በገዛ አፍህ ተናገርክ፤ ትልቁን አንሳ።

ኔሜሲዮ፦ ዶሮዋን እኮ እበላታለሁ። ይሄን ግን ተሸክሜ ዘንባባ ስዞር ነው የምውለው። ዶሮ ተሸክሜ የጨፈርኩበት ካርኒቫል የለም።

ማስትሮ፦ የድሮው ማጉያችን ወንዝ የገባው ማን ጥሎት ነው?

ኔሜሲዮ፦ እኔ። ግን ወደ ጀልባው በተዘረጋው ሳንቃ መሀል ስደርስ «ቀና በል፣ የሙዚቀኛ አካሄድ ሂድ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ቀና ስል እሱ ጎንበስ አለ።

ማስትሮ፦ ደግነቱ ጊታሩ ተረፈ።

ኔሜሲዮ፦ እኔም ተርፌያለሁ።

ማስትሮ፦ እሱንም አየን።

[ዶኛ ዙልሚራ ባንኮኒዋ ኋላ፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያዋ ፊት ተቀምጣ አጓሄ የሚሉትን ፍሬ ትልጣለች። ውስጡን ትበላለች፣ ልጣጩን ወደ ሁለቱ እግር ትወረውራለች። ከጠዋት ጀምሮ ደጇን ዘግተውባታል።]

ኔሜሲዮ፦ ማስትሮ፣ ትንሹ እኮ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ትልቁን ምን ላይ ልንሰካው ነው? መንደሩ መብራት የለውም።

ማስትሮ፦ ትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር አለው። ረጅም ገመድ እንስባለን። አምና እንዴት አደረግን?

ኔሜሲዮ፦ አምናማ እርስዎ ከፊት፣ እኔ ከኋላዎ ማጉያውን አዝዬ፣ ዘንባባውን አራት ጊዜ ዞርን። ገመዱ ግንዱ ላይ ተጠመጠመ። በአምስተኛው ዙር እኔና ማጉያው ከዘንባባው ጋር ታሰርን።

ማስትሮ፦ እኔም ወዲያው መፍትሔ ሰጠሁ።

ኔሜሲዮ፦ ሰጥተዋል። ሕዝቡን ሁሉ ወደ ኋላ አስዞሩት። ከአያቶቻቸው ጀምሮ በቀኝ ሲዞሩ የኖሩ ሰዎች በግራ ሲዞሩ እርስ በርስ ተላተሙ። ቆንጨራ የያዘውም ሰውዬ ግንዱ መስሎት ገመዱን ቆረጠው።

ማስትሮ፦ ያ የቆራጩ ጥፋት ነው። ሙዚቃው ንጹሕ ነበር።

ኔሜሲዮ፦ አንዲት አሮጊት መጥተው «ልጄ፣ ከሁለታችሁ የትኛው ነው የታሰረው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ማስትሮ፦ ስማኝ፤ ላስረዳህ። ባለ አምፖል ማጉያ ድምፁ ይሞቃል።

ኔሜሲዮ፦ ፑካልፓ ውስጥ ሙቀት ምን ያደርጋል?

ማስትሮ፦ ነፍስ አለው ነው የምልህ! ትራንዚስተር ደረቅ ነው። ጊታሩ ምን እንደሚል ይነግርሃል፣ በቃ። አምፖሉ ግን ጊታሩ ምን እንደተሰማው ይነግርሃል።

ኔሜሲዮ፦ አምፖሉ ሲቃጠልስ?

ማስትሮ፦ ሌላ ትቀይርለታለህ።

ኔሜሲዮ፦ የት ይሸጣል?

ማስትሮ፦ ሊማ።

ኔሜሲዮ፦ ታዲያ ነፍሳችን ያለችው ሊማ ነዋ። እኛ እዚህ የምንዞረው በባዶ ነው።

[ማስትሮው ጉሮሮውን ጠራረገ። መልስ ሲያጣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ወደቡ ሁሉ ያውቃል።]

ኔሜሲዮ፦ ማስትሮ፣ አይቆጡኝ፤ አንድ ነገር ልናገር። ትንሹን ከገዛን በማንገቻ ከራስዎ ትከሻ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ጊታርዎንም ይመታሉ። ተሸካሚ አያስፈልግም። እኔም እጄ ነጻ ይሆናል።

ማስትሮ፦ ነጻ ሆኖ ምን ሊሠራ?

ኔሜሲዮ፦ ሁለተኛ ጊታር ሊመታ። ባንዱ ውስጥ የገባሁት ለእሱ ነበር። «እስከዚያው ማጉያውን ያዝ» ብለውኝ እስከዚያው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ማስትሮ፦ እጅህ አልበሰለማ።

ኔሜሲዮ፦ ሰምተውኝ ያውቃሉ?

ማስትሮ፦ መስማት አያስፈልግም፤ አያያዝህ ያስታውቃል።

ኔሜሲዮ፦ እንግዲያው እኔም ቁርጡን ልንገርዎት። ትልቁን ከገዙ ጀልባው ላይ አልወጣም። አማቼ እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ሥራ አለልህ ብሎኛል። እዚያም ሸክም ነው፤ ግን ሳንቃ ቢከብድም ነፍስ አለኝ ብሎ አይመጻደቅም።

[ማስትሮው ደነገጠ። ያለ ተሸካሚ ትልቁ ማጉያ ከዚህ ሱቅ ደጃፍ አያልፍም። ያለ ማጉያ ደግሞ የኡሚሻውን ሥራ ከወንዙ ማዶ ያሉት ተፎካካሪ ጥሩምባ ነፊዎች ይወስዱታል፤ አምና በገመዱ ነገር የሳቁት እነሱ ናቸው።]

ዶኛ ዙልሚራ፦ ለምን ሞክራችሁት አትገላገሉም? ጆሮ ካለዎት ማስትሮ፣ ፊትዎን አዙረው ይስሙ። እሱ ሁለቱንም ይምታ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎ ይንገሩን።

ማስትሮ፦ እስማማለሁ። ለየሁ ማለት ትልቁ ይገዛል፤ አንተም ሁለተኛ ስለ ክብደት አታነሳብኝም። ካልለየሁ ያንተን ቆርቆሮ እንወስዳለን፤ ሁለተኛ ጊታርም ትመታለህ።

ኔሜሲዮ፦ የሚመታው እኔ ነኝ?

ማስትሮ፦ አንተ። ፍትሐዊ የሚያደርገውም ይሄ ነው። እጅህ ያው አንድ እጅ ነው፤ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያበላሸው። ስለዚህ ልዩነት ከሰማሁ፣ ልዩነቱ የሌላ የማንም አይደለም፣ የማጉያው ነው። ይሄ ሳይንስ ነው።

[ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑንም ጨፈነ፤ ግድግዳውን አላመነውም መሰለኝ። ኔሜሲዮ ትልቁን ማጉያ ሊሰካ ከኋላው ቢዳብስ የመብራት ገመድ የለውም። ዶኛ ዙልሚራን በዓይኑ ጠየቃት። እሷም በአጓሄው ቢላዋ ማራገቢያዋን አሳየችው፤ ገመዱን ቆርጣ ለእሱ ቀጥላዋለች። በዚህ ሙቀት እንደማትነቅለውም ፊቷ ላይ ተጽፏል።]

ኔሜሲዮ፦ ማስትሮ፣ አንድ ነገር አለ…

ማስትሮ፦ ፈተና ላይ ወሬ የለም። ምታ።

[ኔሜሲዮ የማስትሮውን ጊታር ትንሹ ላይ ሰካው። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላው የተከተለው ሰውዬ ዛሬ ገና ሊሰማው ነው። አንዱን ክር ስቶ አንዱን ደፍጥጦ፣ የቻለውን መታና አቆመ።]

ማስትሮ፦ ትራንዚስተር። ደረቅ፣ ፈሪ፣ ትንፋሽ የሌለው። ሕፃን ልጅም አይሳሳተውም። ሁለተኛውን ቀጥል።

ኔሜሲዮ፦ ሁለተኛው እኮ ማስትሮ…

ማስትሮ፦ ምታ አልኩህ። ምን ያንተባትብሃል? አንተን ማን ሊሰማህ ነው? እኔ የምሰማው ማጉያውን ነው፤ አንተ የለህም።

[ኔሜሲዮ ይሄን ሲሰማ ትከሻው ወረደ። የሚሰማው ከሌለ ማንን ይፈራል? እዚያው ትንሹ ላይ እንደተሰካ፣ ማታ ማታ ወንዙ ዳር ብቻውን እንደሚመታው አድርጎ መታው። በውጭ የሚያልፈው ባለ ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ። ዶኛ ዙልሚራ ቢላዋዋን አስቀመጠችና በዚያ ሙቀት ማራገቢያዋን ራሷ ዘጋችው። ሲጨርስ መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳረፈ።]

ማስትሮ፦ [ፊቱን ሳያዞር፣ ድምፁ ሰለል ብሎ] ይሄ ነው አምፖል። ሰማችሁት? ትራንዚስተር እንዲህ ማልቀስ ከየት ያመጣል? ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈልገው የኖርኩት ድምፅ ይሄ ነው።

ዶኛ ዙልሚራ፦ እርግጠኛ ነዎት ማስትሮ?

ማስትሮ፦ በሠላሳ ዓመት ጆሮዬ እምላለሁ። ደግሞ ታዘቡልኝ፤ እጁ ያው ያልበሰለ እጅ ነው፣ ማጉያው ግን ሰው አደረገው። በዚህ ድምፅ እንኳን ሁለተኛ፣ አንደኛ ጊታርም ቢባል ማንም አይቃወምም።

ዶኛ ዙልሚራ፦ እንግዲያው ይዙሩ።

[ማስትሮው ዞረ። የጊታሩን ሽቦ በዓይኑ ተከተለው። ሽቦው ትንሹ ማጉያ ላይ አለቀ።]

ማስትሮ፦ ገባኝ። ተራውን ገለበጥክብኝ። መጀመሪያ የመታኸው ትልቁን ነበር።

ኔሜሲዮ፦ መጀመሪያም ትንሹ ነበር ማስትሮ። ትልቁ ገመድ የለውም፤ ማራገቢያው ላይ ነው ያለው። ልነግርዎት ስል ወሬ የለም አሉኝ።

ማስትሮ፦ ሁለቱም ጊዜ ትንሹ?

ኔሜሲዮ፦ ሁለቱም ጊዜ።

ማስትሮ፦ ሊሆን አይችልም። የሰማሁት ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ዶኛ ዙልሚራ፦ ሰማነው እኮ፣ እኛም ጆሮ አለን። ግን ሳይንሱን የነገሩን እርስዎ ነዎት። ማጉያው አንድ ከሆነ የተለየው ምንድን ነው?

[ማስትሮው የኔሜሲዮን እጅ አየ። ትልልቅ፣ መዳፉ በሸክም የጠነከረ እጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ያሸከመው እጅ መሆኑን ሲያስብ አፈረ። አፍሮ ስለማያውቅ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ጉሮሮውንም መጥረግ ረሳ።]

ማስትሮ፦ የመጀመሪያውን ለምን እንደዚያ መታኸው?

ኔሜሲዮ፦ መጀመሪያ ይሰሙኛል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ግን አልሰማህም ብለው አረጋጉኝ።

[ከወንዙ በኩል ጀልባው አንዴ ጮኸ። ኔሜሲዮ እንደ ልማዱ ማጉያውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ማስትሮው ቀደመው። ትንሹን ትከሻው ላይ አንጠለጠለና ጊታሩን ከነቦርሳው ለኔሜሲዮ ሰጠው።]

ኔሜሲዮ፦ ኧረ ማስትሮ፣ ጊታሩ እኮ የእርስዎ ነው። ጀልባው ላይ ሰው ያየናል።

ማስትሮ፦ ይየን። መንገድ ላይ ያንን ሁለተኛውን አንዴ ትደግምልኛለህ። ዝም ብዬ ነው የምሰማው።

ዶኛ ዙልሚራ፦ ትልቁንስ ማስትሮ? ለሚመጣው ዓመት ላስቀምጥልዎት?

ማስትሮ፦ [ከደጃፉ ሆኖ] አይ፣ ለሌላ አዋቂ ይሽጡት።