ጠቅላይ ሚኒስትሩ የታመሙበት ገጽ

የጦርነት ዘመን መሪ ታሪክ ማንበብ የጀመረ ባል ቤት ውስጥ አለ ተብሎ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ለደባርቅ የደረሳት ባለ ወፍጮው አቶ ክንዴ ነው። ያንን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ከገዛ ወዲህ ባለቤቱ ሠርካለም ማዕድ የምትቀርበው ከመጽሐፉ ባለታሪክ ከክቡር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ነው። ክቡርነታቸው ፈረንጅ ናቸው፤ ከሞቱም ቆይተዋል።

"አሁንም አልጨረስከውም?" ሲሉት፣ "ገና ጦርነቱ መቼ ተጀመረና!" ይላል። ጆንያ የተሸከመ ገበሬ በር ላይ ቆሞ "ጋሽ ክንዴ፣ ኧረ ፍጭልን!" ሲለው፣ ዱቄት የለበሰ ጣቱን ያነሳና "ቆይ እንጂ፣ ካቢኔው ተሰብስቧል!" ይላል።

ሠርካለም መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ሳቋን ያጠፋው መጽሐፉን ለክንዴ የሸጠለት፣ ገበያ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚነግደው ሱሌማን ነው።

"የዳባቱ የዋሴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና" አላት። "ከሱ በፊት ደግሞ የድብ ባሕሩ ያርጋል ይዞት ነበር። እሱም ሳይጨርሰው ሞተ።"

ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ገለጠችው። ክቡርነታቸው ጦርነቱ መሐል በጠና ታመው አልጋ የያዙበት ገጽ ላይ ጫፉ ከላይ ታጥፏል፤ እዚያው ገጽ ላይ፣ በሌላ እጅ፣ ከታችም ታጥፏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀት ጣት ያልነካው ንጹሕ ነው።

"ወይ ጉዴ!" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ያስደነግጣት ጀመር። ክቡርነታቸው የአውሮፕላን ድብደባ ፈርተው ከተማው መብራቱን ያጥፋ ብለው ሲያዝዙ፣ የደባርቅ መብራት ድርግም አለ። መብራቱስ ይሁን፣ ልማዱ ነው፤ ውሾቹ ምን ሆነው ነው አንድ ላይ ዝም ያሉት? ክቡርነታቸውን ብርድ የመታቸው ሰሞን ደግሞ ክንዴ ማሳል ጀመረ። "የዱቄት ብናኝ ነው" ይላታል። ዕድሜውን ሙሉ ዱቄት ውስጥ ሲኖር አስሎ አያውቅም።

መጽሐፉ ላይ ጠበል ረጨችበት። ወረቀቱ ርሶ አበጠና ክንዴ "ይኸው ጨመረልኝ!" ብሎ ተደሰተ። ንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ሄዳ "አባታችን፣ ምን ይሻለኛል?" ብላ ጉዱን ሁሉ ዘረገፈችላቸው። አባ አንገታቸውን ደፍተው ብዙ አሰቡና፣ "ለመሆኑ ሰውዬው በመጨረሻ አሸነፈ?" አሏት።

የባሰው ግን ክንዴ ዝም ያለ ጊዜ መጣ። ከታጠፈው ገጽ በፊት ያለውን ያነባል፣ ይዘጋል፣ ያስላል። በማግስቱም ያንኑ ያነባል።

"ምነው፣ አልቀጠልክም?" አለችው።

"ዓይኔን ደከመኝ" አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ኤዲያ! ባሏን መች አጣችው፤ ፈርቷል። የሱሌማንን ወሬ እሱም ሰምቶታል ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ከገደሉ ወጥቶ የወፍጮ ቤቱን በር ዘግቶት ሳለ፣ ክንዴ ከውጭ ሲገባ ሠርካለምን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። መነጽሩን አድርጋ ጮክ ብላ ታነባለች። የታጠፈውን ገጽ አልፋዋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"አለፍኩት። የሚመጣ ነገር ካለ ከእኔ ይጀምር።"

"አብደሻል እንዴ! በገዛ እጅሽ?"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ። ሰውዬው አልቦት ትኩሳቱ ለቆታል። ሾርባ አምጡልኝ እያለ ነው።"

ክንዴ አጠገቧ ጆንያ ላይ ተቀምጦ እጇን ያዘው፤ ቀዝቅዟል። "ቀጥይ በይ፣ የኔ ዓለም" አላት። ይህን ቃል ከሰማች ብዙ ዘመኗ ነው።

ይኼኔ ከኋላቸው ያለው ባዶ አግዳሚ ሲጢጥ አለ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ትንሽ ቆየና ደግሞ ሲጢጥ አለ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ክንዴ እጇን ጭምቅ አደረጋት።

ሠርካለም ዋሴና ያርጋል ሰውዬው መዳኑን ሳይሰሙ መሄዳቸውን አሰበች፤ አንጀቷን በሏት። ወደ ኋላ አልዞረችም። ከኋላ ላሉትም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበቧን ቀጠለች።