የጋሽ ወንድምአገኝ ጉሮሮ

ድምፁ ያልተዘጋ መምህር ወይ ትናንት የተቀጠረ ነው፣ ወይ ማስተማሩን ትቶታል። ይህ የክቡር መምህር ወንድምአገኝ የጸና እምነት ነው። ሰዕዲያ ግን «ግትርነት ነው» ትላለች፤ ብትልም አይፈረድባትም። አሶሳ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከጎናቸው ታስተምራለች፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ ጣውላ ነው። «ሦስት ሲደመር አራት?» ብላ ስትጠይቅ «በ በግ!» የሚላት ልጅ አይጠፋም።

ጋሽ ወንድምአገኝ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ፣ ለአንደኛ ክፍል አማርኛ ያስተምራሉ። ከጠመኔ ብናኝ፣ ከተጨናነቀ ክፍል፣ ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ ጋር ይታገላሉ። ዝናቡ ሲያይል እሳቸውም ያይላሉ። ዝናቡ ያባራል፤ እሳቸው ወይ ፍንክች!

መድኃኒትማ አይንቁም። ዝንጅብል በማር፣ ጨው በሞቀ ውሃ፣ ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ያልሞከሩት የለም። አንድ ቀን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሞክረው የመምህራን ማረፊያ መስኮት ተከፍቶ ዋለ። እምቢ ያሉት ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ብቻ ነው።

«ሁለት ሳምንት ዝም ይበሉ። ማንሾካሾክም የለም። አለበለዚያ ድምፅዎ እንደሻከረ ይቀራል፤ ማስተማሩም ያከትማል» ብሏቸው ነበር።

«በሞቴ ይረፉ፣ ጋሼ!» አለቻቸው ሰዕዲያ።

«ዝም በል ደግሞ ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? እኔ ዝም ካልኩ ልጆቼ ከማን ይማራሉ?»

አንድ ጠዋት ሰዕዲያ ጠመኔ ልትዋስ ስትገባ ዐርዋ የምትባል ተማሪ ቆማ ታነባለች። ዐርዋ ቤቷ የምትናገረው በርታኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ጓደኞቿን ስትጣራ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። አሁን ግን «በሬው ሣር በላ» የምትለው ጉሮሮዋን አሻክራ ነው። አራት ነጥቡ ጋ ስትደርስ ደግሞ አሳለች።

«ጉሮሮሽን አመመሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ ደንግጠው።

ዐርዋ ግራ ገባት። «አይ ቲቸር፣ አላመመኝም። አማርኛ ነው!»

ቀጣዩ ልጅ ተነሣ። እሱም አሻከረ፤ አራት ነጥቡ ጋም አሳለ። ብዙዎቹ ልጆች አማርኛን ደህና አድርገው የሰሙት ከእሳቸው አፍ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ እየተሻከረ የሚነገር ቋንቋ መስሏቸዋል።

ሰዕዲያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀና ስትል ግን የጋሽ ወንድምአገኝ ዓይን እንባ አቅርሯል። ሳቋ ጠፋ። እሳቸው ጠመኔውን አስቀምጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ዝም አሉ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዕዲያ በትርፍ ክፍለ ጊዜዋ እየገባች አነበበችላቸው፤ እሳቸው በዱላ ፊደሉን ያመለክታሉ። ልጆቹም ማሳሉን ተዉ። ወደ ራሷ ክፍል ስትመለስ በጣውላው በኩል ኮሽ የሚል የለም። እፎይ ልትል ነበር፤ ሰላሙ ግን አልጣማትም። እኚያ ጯሂ ሰውዬ ናፈቋት፣ በጣም ናፈቋት።

ዕረፍታቸው ባበቃ ማግስት፣ «እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች» የሚል ድምፅ በጣውላው በኩል መጣ። ዝግ ያለ፣ የጠራ ድምፅ። ለካ እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ ነበራቸው! ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች፤ ወዲያው ዝናቡ ጀመረና የቀረውን መስማት አልቻለችም። ልጆቿን አስነሥታ፣ አግዳሚ ወንበራቸውን አሸክማ ሄደችና የጎረቤቷን በር በክርኗ ገፋችው።

«እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉልን!» አለች የእሳቸውን ተማሪዎች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «እርስዎ እንዳይጮሁ፣ ጋሼ። እኛ ቀርበን እንሰማዎታለን።»